ሙያን በዓይን ማየት

አንድን የገጠር ልጅ «ተምረህ ምን ትሆናለህ?» ብለን ብንጠይቀው መልሱ ከሦስትና ከአራት አያልፍም። «ሐኪም» ይላል። «አስተማሪ» ይላል። «ሾፌር» ይላል። አውሮፕላን ባለፈ ቁጥር አንጋጦ የሚያይ ልጅ ከሆነ ደግሞ «ፓይለት» ይላል። ልጁ እንዲህ የሚለው ሰነፍ ሆኖ ወይም ምኞት አንሶት አይደለም። ያየው እነዚህኑ ስለሆነ ነው። ሐኪሙን በጤና ጣቢያ አይቶታል። አስተማሪውን በየቀኑ ያየዋል። ሾፌሩንም በገበያ ቀን ያየዋል። በአገራችን ያሉትን ሌሎቹን ብዙ ሙያዎች ግን ማን አሳይቶት? «ያላዩት አገር አይናፍቅም» ሲባል የኖረው ለዚህ ነው።

እኛ ወላጆችም ብንሆን ከልጆቻችን ብዙ አንርቅም። ልጃችን በትምህርቱ ጎበዝ ከሆነ «ዶክተር ይሆንልኛል» እንላለን። ሌላ የምንጠራው ስም የለንም። የጤፍን አበባ በወረንጦ እየከፈተ አዲስ ዘር የሚያወጣ ሰው እንዳለ፣ ለበሬያችን የሚወጋውን ክትባት የሚሠራ ሰው እንዳለ፣ ክትባቱ የሚቀመጥበት ማቀዝቀዣ ሲበላሽ የሚጠግን ሰው እንዳለ አስበን እናውቃለን?

በዚህ ጽሑፍ የምንነጋገርበት ጉዳይ የተማሪዎች ትምህርታዊ ጉብኝት ነው። ትምህርታዊ ጉብኝት ማለት ተማሪዎች ከመምህራኖቻቸው ጋር ሆነው ከትምህርት ቤታቸው ወጥተው ኮሌጅ፣ ፋብሪካ፣ የምርምር ጣቢያ፣ ሆስፒታል ወይም ሌላ የሥራ ቦታ የሚያዩበት ጉዞ ነው። ተማሪዎቹ ሄደው ሰዎች ሲሠሩ ያያሉ። ይጠይቃሉ። ሥራው የትና እንዴት እንደሚለመድ ይረዳሉ።

ጉብኝቱ ከመደረጉ በፊት ትምህርት ቤቱ ለወላጅ ወረቀት ይልካል። በወረቀቱ ላይ ፈቃድ ይጠየቃል። ብዙ ጊዜም ገንዘብ ይጠየቃል። ያን ጊዜ አባት ወረቀቱን አገላብጦ ያይና «ይኼ ደግሞ ምን የሚሉት ሽርሽር ነው? ከብቱን ማን ሊጠብቅ?» ይላል። እናትም «ልጄ በመንገድ አንድ ነገር ብትሆንስ?» ትላለች። ሁለቱም ጥያቄዎች ተገቢ ናቸው። ስለዚህ ነገሩን በምሳሌ እንመልከተው።

ምንጃር ሸንኮራን እንውሰድ። ምንጃር ሸንኮራ በሰሜን ሸዋ የሚገኝ ወረዳ ነው። ከተማው አረርቲ ነው። አገሩ ጤፍ አብቃይ ነው። ከአረርቲ ወደ ሞጆ የሚወስድ መንገድ አለ። ከሞጆ ደግሞ ቢሾፍቱ ቅርብ ናት። ብዙዎቻችን ቢሾፍቱን የምናውቃት ደብረ ዘይት በሚለው ስሟ ነው። የአረርቲ ተማሪዎች ማለዳ ቢነሡ ቢሾፍቱ ውለው ሳይመሽ መመለስ ይችላሉ።

ለምን ቢሾፍቱ? በቢሾፍቱ የግብርና ምርምር ማዕከል አለ። የእንስሳት ክትባት የሚሠራበት ተቋም አለ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅም እዚያው ነው። እነዚህ ሦስቱ በየዕለቱ በእጃችን ከምንይዘው ነገር ጋር የተያያዙ ናቸው፤ ከጤፋችንና ከከብቶቻችን ጋር። የገበሬ ልጅ መጀመሪያ ማየት ያለበት የሚያውቀውን ነገር ወዲያ ማዶ ነው እንላለን። አባቱ የዘራው ዘር ከየት መጣ? በሬው የተወጋው መድኃኒት የት ተሠራ? ከዚህ ቢነሣ ቀሪው አይጠፋውም።

እስቲ ከጤፉ እንጀምር። ቁንጮ የሚባለውን ጤፍ የማያውቅ የምንጃር ገበሬ ያለ አይመስለንም። ቁንጮ የወጣው ከዚሁ ከደብረ ዘይት የምርምር ማዕከል ነው። ለገበሬው እንዲሠራጭ የተፈቀደው በ1998 ዓ.ም. ነው። ተማሪዎቹ ወደ ማዕከሉ ማሳ ሲገቡ የሚያዩት እንደ እኛ ማሳ አንድ ወጥ አዝመራ አይደለም። መሬቱ እንደ መደብ ተከፋፍሎ በየመደቡ ራስጌ ቁጥር የተጻፈበት ችካል ቆሟል። አንዱ መደብ ቀይ ጤፍ፣ አንዱ ነጭ፣ አንዱ አጭር፣ አንዱ ረዥም። ችካሉን ያላወቀ ሰው የልጆች ጨዋታ ሊመስለው ይችላል። ነገር ግን እያንዳንዱ ቁጥር በመዝገብ ላይ ታሪክ አለው፤ መቼ ተዘራ፣ መቼ አበበ፣ ተኛ ወይስ ቆመ፣ ስንት ሰጠ።

የጤፍ አበባ በጣም ትንሽ ናት። ወንዴውና ሴቴው ክፍል በአንድ አበባ ውስጥ ስለሆነ አበባዋ ራሷን በራሷ ታስጸንሳለች። በዚህ የተነሣ ሁለት ዓይነት ጤፍ ማዳቀል የማይቻል ይመስል ነበር። ማዳቀል ማለት የአንዱን ዘር ጠባይ ከሌላው ጋር ማዋሐድ ነው፤ እኛ ጥሩ ኮርማ ፈልገን ላማችንን እንደምናስጠቃው ማለት ነው። በ1960ዎቹ አጋማሽ ዶክተር ታረቀ በርሄ የተባሉ ኢትዮጵያዊ ተመራማሪ አንድ ነገር ደረሱበት። የጤፍ አበባ የምትከፈተው ማለዳ፣ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ገደማ፣ ለጥቂት ጊዜ ብቻ ነው። ያቺን ሰዓት የጠበቀ ሰው በማጉያ መነጽር እያየ፣ በቀጭን ወረንጦ እየነካ፣ የአንዱን ጤፍ የአበባ ብናኝ ወደ ሌላው ማድረስ ይችላል። ማዳቀል የተጀመረው ከዚያ ወዲህ ነው።

የቁንጮ እናት ዱከም የምትባል ምርቷ የበዛ ጤፍ ናት። አባቷ ማኛ ነው፤ በንጣቱ የታወቀው። ከዱከም ምርቱን፣ ከማኛ ንጣቱን ይዛ ወጣች። ታዲያ እነዚህ ሁለቱ ወላጆች ከየት መጡ? ከውጭ አገር አይደለም። ከገበሬ ማሳ ከተሰበሰበ ጤፍ ተመርጠው የተገኙ ናቸው። ይህን ተማሪዎቹ በደንብ እንዲሰሙት እንፈልጋለን። ብዙ ልጅ ከተማ ሲያይ በአባቱ ሞፈር ማፈር ይጀምራል። እዚያ ማሳ ውስጥ የሚቆም ልጅ ግን ከነጭ ካፖርታው ሰውዬ መዝገብ ሥር የአያቱ ጓል እንዳለበት ያያል። ሰውዬውም ቢሆን ጎንበስ ብሎ፣ ጫማው ጭቃ ለብሶ፣ ከፀሐይ መውጫ ጀምሮ የሚሠራ ነው። ወንበር ላይ ተቀምጦ የሚውል ተመራማሪ ብቻ ለመሰላቸው ይህ ትልቅ ትምህርት ነው።

በዚያ ማዕከል የሚሠሩት ሁሉ ዶክተሮች አይደሉም። ዘሩን የሚመዝን አለ። መዝገቡን የሚይዝ አለ። አፈሩን በላቦራቶሪ የሚመረምር አለ። ላቦራቶሪ ማለት መመርመሪያ ክፍል ነው። ትራክተሩን የሚነዳና የሚጠግን አለ። የሂሳብ ሠራተኛ አለ። አንዳንዱ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ብዙ ዓመት ተምሯል። አንዳንዱ በቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ ሠልጥኗል። አንዱ ከጎደለ የሌላው ሥራ ይቆማል።

ወደ ክትባቱ እንለፍ። ብሔራዊ የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት በ1950ዎቹ የተቋቋመ ነው። እዚያ ለአባ ሰንጋ፣ ለአባ ጎርባ፣ ለከብት ሳምባ፣ ለዶሮ ፈንግልና ለሌሎችም በሽታዎች ክትባት ይሠራል። ክትባቱ በሚሠራበት ክፍል ውስጥ ማንም እንደ ፈለገ አይገባም። ቆሻሻ ከገባ ክትባቱ ይበላሻል፤ የበሽታው ዘር ከወጣ ደግሞ ከብት ይፈጃል። ስለዚህ እንግዳ ብዙውን ነገር የሚረዳው በማብራሪያ ነው። ቢሆንም ልጆቹ በሩ ላይ የሚያዩት ጥንቃቄ ራሱ ትምህርት ነው። እጁን ታጥቦ፣ ልብሱን ቀይሮ፣ ጫማውን ለውጦ የሚገባ ሠራተኛ ያያሉ።

ሽማግሌዎቻችን የክፉ ቀንን ታሪክ ከአባቶቻቸው ሰምተዋል። ከ1880 ዓ.ም. ጀምሮ ደስታ የሚባለው የከብት በሽታ አገሩን አዳርሶ የቀንድ ከብቱን ፈጀው። የሚያርስ በሬ ጠፋ። መሬት ጦም አደረ። ከዚያ የመጣውን ረኀብ ሁላችንም ሰምተነዋል። ያ በሽታ ዛሬ በዓለም ላይ የለም። በ2003 ዓ.ም. ከምድር ገጽ መጥፋቱ ለዓለም ተነገረ። ያጠፋው ክትባትና የክትባት ሠራተኛ ነው። በየቆላው በየደጋው ክትባቱን በማቀዝቀዣ ዕቃ ተሸክመው በእግራቸው የዞሩ የእንስሳት ጤና ሠራተኞች ነበሩ። ይህን የሰማ ልጅ «የከብት ሐኪም» የሚለውን ስም ከእንግዲህ አይንቀውም። እኛ ዘንድ «የሰው ሐኪም ሳይሆን የከብት ሐኪም ሆነ» እየተባለ የሚታዘንለት ልጅ እንዳለ እናውቃለን። በሬ የሌለው ገበሬ ምን እንደሚሆን ለምናውቅ ለእኛ እንዲህ ማለት አይገባንም ነበር።

ክትባት ከሙቀት ጋር አይስማማም። ከሞቀ ውኃ ማለት ነው፤ ቢወጉት አያድንም። እንግዲህ ከቢሾፍቱ እስከ ገበሬው በረት ድረስ ቅዝቃዜው እንዳይቋረጥ ያስፈልጋል። ማቀዝቀዣውን የሚጠግነው ሰው በቴክኒክ ኮሌጅ የሠለጠነ ነው። እሱ ባይኖር የዶክተሩ ድካም በከንቱ ይቀራል።

የእንስሳት ሕክምና ኮሌጁ ጉብኝት ደግሞ ሌላ ነው። እዚህ ተማሪዎቹ ኮሌጅ ምን እንደሚመስል ያያሉ። መኝታ ቤቱን፣ ምግብ ቤቱን፣ ቤተ መጻሕፍቱን ያያሉ። የታመመ ከብት ወይም አህያ ሲመረመር ሊያዩ ይችላሉ። ከሁሉ የሚጠቅማቸው ግን ከገጠር መጥቶ እዚያ የሚማር ልጅ ማግኘታቸው ነው። መምህሩ አስቀድሞ ደብዳቤ ሲጽፍ «ከገጠር የመጣ አንድ ተማሪና አንዲት ተማሪ ያነጋግሩልን» ብሎ ቢጠይቅ ጥሩ ነው። እነሱ የሚሉትን ፕሮፌሰር አይለውም። የመጀመሪያው ወር እንዴት እንደከበዳቸው፣ እንግሊዝኛው እንዴት እንዳስቸገራቸው፣ ቤተሰብ እንዴት እንደናፈቃቸው ይነግሯቸዋል። ልጆቹም «ለካ እንደኛው ናቸው» ብለው ይመለሳሉ።

ስለ ገንዘብ መጠየቅም ነውር አይደለም። በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የሚማር ተማሪ ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ የወጪ መጋራት ውል ይፈርማል። ይህም ማለት ከወጪው የተወሰነውን ተመርቆ ሥራ ሲይዝ ይከፍላል ማለት ነው። ብዙ ወላጅ ይህን ሳያውቅ «የኔ ቢጤ ደሃ ከየት አምጥቶ ያስተምራል» ብሎ ልጁን ገና 8ኛ ክፍል ሳለ ያስቀረዋል። ክፍያው ከቦታ ቦታና ከጊዜ ወደ ጊዜ ሊለዋወጥ ስለሚችል፣ ጎብኚዎቹ የዘመኑን ደንብ ከኮሌጁ ሬጅስትራር ጽሕፈት ቤት ጠይቀው ይምጡ። ሬጅስትራር ማለት ተማሪ የሚመዘገብበት ቢሮ ነው።

በድሮ ጊዜ ጉዞው በተቃራኒው ነበር። ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከመመረቃቸው በፊት አንድ ዓመት ወደ ክፍላተ ሀገር እየወጡ ያገለግሉ ነበር፤ አብዛኞቹ ያስተምሩ ነበር። በ1967 ዓ.ም. ደግሞ በዕድገት በኅብረት ዘመቻ 60,000 የሚጠጉ ተማሪዎችና አስተማሪዎች በመላ አገሪቱ ገጠር ተሠማርተዋል። ያን ጊዜ ኮሌጅ ምን እንደሆነ ገበሬው ያወቀው ደጁ ድረስ በመጣው ዘማች ነበር። ዛሬ የሚሄደው የገበሬው ልጅ ነው።

አሁን ወደ አስጨናቂው ነገር እንምጣ። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከጥቅምት 2015 ዓ.ም. ጀምሮ በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ውስጥ መሰጠት ጀመረ። በዚያን ጊዜ ከተፈተኑት 100 ተማሪዎች መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ውጤት ያመጡት 3 ያህሉ ብቻ ነበሩ። በዚያው ዓመት መጨረሻ የተፈተኑትም ከዚህ አልተሻሉም። በ2016 ዓ.ም. ከመቶ 5፣ በ2017 ዓ.ም. ከመቶ 8 ያህሉ አለፉ። ብዙ የገጠር ልጅ ዩኒቨርሲቲ የሚባለውን ግቢ ለመጀመሪያ ጊዜ ያየው በፈተናው ዕለት ነው፤ እየተንቀጠቀጠ። ይህ ትክክል ነው እንዴ? በሩን ቀደም ብሎ ያየ ልጅ ቢያንስ ግቢው አያስደነግጠውም።

ከዚህ የባሰው ያላለፈው ልጅ ነገር ነው። ከመቶ ዘጠና የሚበልጡት ምን ሊሆኑ ነው? ቤተሰቡ «በቃ ወደቀ» ይላል። ልጁም «በቃ ወደቅሁ» ይላል። ከዚያ በኋላ ደላላ ይመጣል፤ ዓረብ አገር ይላል፣ በረሃ ይላል። ልጁ ከዩኒቨርሲቲ ሌላ መንገድ አይቶ የማያውቅ ከሆነ የደላላውን መንገድ ብቸኛ መንገድ አድርጎ ቢቆጥረው አይፈረድበትም። ስለዚህ ጉብኝት ሲዘጋጅ ዩኒቨርሲቲ ብቻ ከታየ ጉብኝቱ ጎደሎ ነው እንላለን። ከመቶ ልጆች ለጥቂቶቹ በር አሳይቶ ለሌሎቹ ግድግዳ ማሳየት ይሆናል።

ለምሳሌ የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆችን ማየት ያስፈልጋል። በእነዚህ ኮሌጆች ብየዳ፣ የኤሌክትሪክ ሥራ፣ የመኪና ጥገና፣ የግንባታ ሥራ፣ የልብስ ስፌት፣ የእንስሳት ጤናና ሌላም ብዙ ሙያ ይሰጣል። ሥልጠናው ከደረጃ 1 እስከ ደረጃ 5 ይደርሳል። ሠልጣኙ በክፍል ብቻ ሳይሆን በሥራ ቦታም ይለማመዳል። ሲጨርስ ያሠለጠነው ሰው ሳይሆን ሌላ መዛኝ ይመዝነዋል፤ ካለፈ የብቃት ማረጋገጫ ወረቀት ያገኛል። ለጎብኚ ተማሪዎች እንዲህ ያለው ኮሌጅ ከዩኒቨርሲቲ ይልቅ ደስ ይላል፤ ሁሉም ነገር ሲሠራ ይታያላ! ብረት ሲበየድ፣ ሞተር ተፈትቶ ሲገጠም፣ ሽቦ ሲዘረጋ በዓይን ይታያል። በመንገድ ላይ ሞጆ የሚገኘውን ደረቅ ወደብ በመስኮት ማሳየትም ይቻላል። ባሕር በሌለበት ወደብ እንዴት ይኖራል ብሎ የሚጠይቅ ልጅ አይጠፋም። ከጅቡቲ የመጣ ዕቃ የሚራገፍበትና ቀረጥ የሚከፈልበት ቦታ መሆኑን መምህሩ ይንገራቸው።

ጉብኝቱ መቼ ይደረግ? በእኛ አስተያየት 10ኛ ክፍል ሳይጠናቀቅ ቢሆን ይመረጣል። ተማሪ 11ኛ ክፍል ሲገባ የተፈጥሮ ሳይንስ ወይም የማኅበራዊ ሳይንስ ይመርጣል። ብዙ ልጅ የሚመርጠው ጓደኛው የመረጠውን ነው። ማኅበራዊ ሳይንስ የገባ ልጅ በኋላ የእንስሳት ሐኪም ልሁን ቢል በሩ ተዘግቶበታል። ሕግ ማጥናት የሚፈልግ ልጅም ጓደኛውን ተከትሎ ኬሚስትሪ ውስጥ ሲዋትት ይኖራል። ምርጫው የሁለት ደቂቃ ሥራ ነው፤ ውጤቱ ግን የዕድሜ ልክ ነው። ከወራቱ ደግሞ ኅዳርና ታኅሣሥ አይሆንም፤ አጨዳና ውቂያ ነው። ከጥር በኋላ እህሉ ከገባ ወላጅም ይረጋጋል፤ ከብቱንም የሚጠብቅ ሰው ይገኛል።

ስለ ሴት ልጆቻችን ለብቻው መናገር ይገባናል። ወረቀቱ ሲመጣ ለወንዱ የሚፈርም አባት ለሴቷ እጁን ይይዛል። ፍርሃቱን እናውቀዋለን፤ ያለ ምክንያትም አይደለም። መፍትሔው ግን ማስቀረት ሳይሆን መጠየቅ ነው። አብራ የምትሄድ ሴት መምህርት አለች? ስንት ሰዓት ይመለሳሉ? መኪናው የት ያወርዳቸዋል? ከዚያ እስከ ቤት ማን ይቀበላታል? እነዚህ መልስ ካገኙ ትሂድ። በምርምር ማዕከሉም ሆነ በኮሌጁ ነጭ ካፖርት ለብሰው የሚሠሩ ሴቶች አሉ። አንዲት የ16 ዓመት ልጅ እንዲህ ያለችውን ሴት በዓይኗ ስታይ የሚሰማት ነገር በእኛ ምክር አይተካም። ቤት የቀረችው ግን በዚያው ሰሞን ሽማግሌ ይላክባት ይሆናል።

የመንገዱ ሰላም ከሁሉ ይቀድማል። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ በአማራ ክልል በግጭት ምክንያት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው ቆይተዋል፤ መንገድም ተቋርጦ ያውቃል። መንገዱ ያላስተማመነ እንደሆነ ጉብኝቱ ይቅር። ልጅ ተመልሶ ይሄዳል።

ገንዘቡን በተመለከተ፣ የመኪና ኪራይ ቀላል አይደለም። ወላጆችና መምህራን አስቀድመው ተሰብስበው ቢነጋገሩበት መላ አይጠፋም። ጥሬ ገንዘብ ያጣ እህል ያዋጣ፤ እህሉ ተሸጦ ለኪራይ ይሁን። ስንቅ ከቤት ይቋጠር። በሶና ዳቦ ቆሎ ምን አለው? አንድ ነገር ግን አጥብቀን እንላለን። የከፈለ ብቻ የሚሄድበት ጉብኝት ባይደረግ ይሻላል። አብዛኛውን ጊዜ መክፈል የሚችለው ልጅ ከተማውን ቀድሞ ያየ ነው። ጉብኝቱ የሚያስፈልገው ከአረርቲ ወዲያ አልፎ ለማያውቀው ነው።

ሽርሽርና ጉብኝትም ይለያያል። አንዳንዱ ጉዞ ሲነሣ የምርምር ማዕከል ይባላል፤ ሲደረስ ሆራ ሐይቅ ዳር ሙዚቃ ተከፍቶ ፎቶግራፍ ሲነሡ ይመሻል። ልጆች መደሰታቸውን አንጠላም፤ ሐይቁንም ይዩት፤ ግን ሥራው ካለቀ በኋላ ይሁን። ሐይቁ የትም አይሄድም። የማዕከሉ ሠራተኛ ግን 11 ሰዓት ላይ ዘግቶ ወደ ቤቱ ይገባል።

ጉብኝቱን ሽርሽር እንዳይሆን የሚያደርገው ጥያቄ ነው። ልጆቹ ከመሄዳቸው በፊት በክፍል ውስጥ ጥያቄያቸውን በደብተራቸው ይጻፉ። ሠራተኛውን ሲያገኙት «ጋሼ፣ እርስዎ የት ተማሩ? ስንት ዓመት ፈጀብዎ? ለዚህ ሥራ የትኛውን ትምህርት ማጥናት ያስፈልጋል?» ብለው ይጠይቁ። «ከሥራዎ የሚከብድዎ የቱ ነው?» ማለትም አይርሱ። ይህቺ የመጨረሻዋ ጥያቄ ጥሩ ናት። ሰው ስለ ሙያው ደስታ ሲጠየቅ ያጋንናል፤ ስለ ድካሙ ሲጠየቅ ግን እውነቱን ይናገራል። የከብት ሐኪሙ በሌሊት ምጥ የያዛት ላም ዘንድ እንደሚጠራ ይነግራቸዋል። በያጁ ዓይኑን እንደሚያመው ይነግራቸዋል። ይህን ሰምቶ «ይሁን፣ እኔ እችለዋለሁ» የሚል ልጅ አለ፤ «ይኼስ ለኔ አይሆንም» የሚልም አለ። ሁለቱም አትርፈዋል።

ልጁ ማታ ሲመለስ ደክሞት ሊሆን ይችላል። ቢሆንም እሳት ዳር ቁጭ ሲል «ምን አየህ?» እንበለው። «ጥሩ ነበር» ቢል አንልቀቀው። ማንን አነጋገርክ? ሰውዬው ምን ይሠራል? እንዲያ ለመሆን ስንት ዓመት ይፈጃል? ደብተርህን አምጣና አንብብልኝ እንበለው። ፊደል የቆጠርነው እኛም ደብተሩን ተቀብለን ማንበብ እንችላለን። ስለ ቁንጮ ያመጣውን ወሬ ደግሞ እኛ ስለ ማሳው ከምናውቀው ጋር እናነጻጽረው። ልጁ የሰማው ስህተት ካለው እንንገረው፤ በሚቀጥለው ጊዜ ጠይቆ ይምጣ።

መኪና ባይገኝስ? ሁሉም ወረዳ ለከተማ ቅርብ አይደለም። ያን ጊዜ ጉብኝቱ በእግር ይሁን። በወረዳው ከተማ ጤና ጣቢያ አለ፤ መድኃኒት የሚያድለው፣ ደም የሚመረምረው፣ ካርድ የሚያወጣው የተለያየ ሙያ ያላቸው ሰዎች ናቸው። የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበር የሂሳብ ሠራተኛ አለው። የወፍጮ ቤቱ ሞተር መካኒክ አለው። የቀበሌው የእንስሳት ጤና ባለሙያና የግብርና ልማት ሠራተኛ ከእኛው ጋር ይኖራሉ። መምህሩ 20 ልጆች ይዞ አንድ ቅዳሜ ጠዋት ወፍጮ ቤቱ ድረስ ቢወስዳቸውና መካኒኩ ሞተሩን ፈትቶ ቢያሳያቸው ኪራይ የለበትም፤ የሚያስፈልገው መካኒኩን በዋዜማው ማስፈቀድ ብቻ ነው።